መጀመሪያ የስልክ ቁጥሩ

በ1990 አካባቢ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት፣ «በእኛ» ብዬ ካልለየሁ በቀር፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ከጄኔቭ ከተማ ወጣ ብሎ፣ የስዊዘርላንድና የፈረንሳይ ድንበር በሚያልፍበት ግቢ ውስጥ የሚሠሩ ሰዎች አንድ ልማድ ነበራቸው። ከኮምፒውተራቸው መስኮቶች አንዱን ቀኑን ሙሉ ክፍት ይተዉታል። ስሌት አይሠሩበትም፣ ደብዳቤ አይጽፉበትም። መስኮቱ ወደ ተቋሙ ትልቅ ማዕከላዊ ኮምፒውተር ያስገባል፤ የብዙዎቹ ጉዳይ ግን የባልደረባን የስልክ ቁጥር ማየት ብቻ ነው። ቅንጣቶችን በ27 ኪሎ ሜትር ክብ ዋሻ ውስጥ ለብርሃን ፍጥነት በቀረበ ፍጥነት የሚያሽከረክረው ሰርን፣ ማለትም የአውሮፓ የኑክሌር ምርምር ድርጅት፣ የጎረቤት ቢሮ ስልክ ለማግኘት ይህን ያህል ይደክም ነበር።

ዛሬ ዓለም የሚጠቀምበት ድር (ዌብ) በዚሁ ግቢ መወለዱን አንባቢ ሰምቶ ይሆናል። ሲወለድ ምን እንደነበረ ግን ብዙ ጊዜ አይነገርም። ድር በመጀመሪያ የታሰበው የአንድ መሥሪያ ቤት ሠራተኞች እርስ በርስ የሚፈላለጉትን እንዲያገኙ ነው፤ ዛሬ ኢንትራኔት፣ ወይም የውስጥ ፖርታል፣ የምንለው ዓይነት ነገር። ሠራተኛው እንዲለምደው ያደረገውም ውበቱ አልነበረም፣ ጥልቅ ፍልስፍናውም አልነበረም። ያው የስልክ ማውጫ ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ መሥሪያ ቤቱ ሁሉ «ዲጂታል» ለመሆን ፖርታል በሚያሠራበት በዚህ ጊዜ፣ ታሪኩን ከዚህ ጫፍ ይዞ መተረክ የሚጠቅም ይመስለኛል።

ማርች 1989 ላይ የ33 ዓመቱ እንግሊዛዊ ቲም በርነርስ-ሊ ለአለቆቻቸው አንድ ሰነድ አቀረቡ። ርእሱ ደረቅ ነው፦ የመረጃ አያያዝ፣ የቀረበ ሐሳብ። ሽፋኑ ላይ ክቦችና ቀስቶች ተሥለዋል። ችግሩን የገለጹበት መንገድ ግን ማንኛውም የቢሮ ሰው የሚያውቀው ነው። ሰርን ብዙ ሺህ ሰው የሚሠራበት ቦታ ነው፤ አብዛኛው ሰው ደግሞ ሁለት ዓመት ያህል ቆይቶ ይሄዳል። ሲሄድ የሚያውቀውን ይዞ ይሄዳል። አዲስ የመጣው ማንን እንደሚጠይቅ እስኪያውቅ ጊዜው ይነጉዳል። አንዳንዱ ነገር ተጽፎ ተቀምጧል፤ የት እንደተቀመጠ የሚያውቅ የለም። ሰነዱ የዘረዘራቸው ጥያቄዎችም የኮሪደር ጥያቄዎች ናቸው፦ ይህ ክፍል የት የት ላይ ይሠራል? ይህን ፕሮግራም የጻፈው ማነው? ቢሮው የት ነው? ስለዚህ ጉዳይ የተጻፈ ነገር አለ?

በርነርስ-ሊ ራሳቸው የዚህ ችግር ሰለባ ነበሩ። በ1980 ለጥቂት ወራት በኮንትራት ሰርን ሲሠሩ ማን ከየትኛው ሥራ ጋር እንደሚገናኝ የሚያስታውሳቸው ኢንኳየር የተባለ ትንሽ ፕሮግራም ለራሳቸው ጽፈው ነበር። ኮንትራቱ ሲያልቅ ፕሮግራሙን በዲስክ ትተው ሄዱ። ዲስኩም ጠፋ።

በሰነዱ ውስጥ እኔ ደጋግሜ የማነበው ክፍል መረጃን እንደ ዛፍ ስለ መደርደር የሚናገረው ነው። ሰርን የሰነዶች መዝገብ ነበረው፤ የተደራጀውም ከግንድ ወደ ቅርንጫፍ፣ ከቅርንጫፍ ወደ ቅጠል ነው። የእኛ መዝገብ ቤትም እንዲሁ ነው። አንድ ደብዳቤ ስለ ግዢም ስለ ሠራተኛ ዝውውርም የሚናገር ከሆነ በየትኛው ፋይል ይታሰር? የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ አንዱን ይመርጣል፤ ከዚያ በኋላ ደብዳቤውን የሚያገኘው እሱ ራሱ ብቻ ነው። ጡረታ የወጣ ዕለት መሥሪያ ቤቱ ግማሽ አእምሮውን ያጣል። ቁልፍ ቃልም አያድንም፤ ለአንድ ነገር ሁለት ሰዎች አንድ ቃል አይመርጡምና። የበርነርስ-ሊ መልስ ዛፉን ትቶ ድር መዘርጋት ነበር፦ ማንኛውም ሰነድ ከማንኛውም ሰነድ ጋር ይያያዝ፣ ግንኙነቱ እንደ ሥራው ይሁን እንጂ እንደ መዋቅሩ አይሁን።

ከዚህ ጋር ሌላ ቁም ነገር አለ። ከዚያ በፊትም ሰርን ውስጥ የሰነድ ሥርዓት እንሥራላችሁ ያሉ ነበሩ። ሁሉም ሰው ሥራውን በእነሱ አደረጃጀት ይቀይር ስለሚሉ ሰው አልተከተላቸውም። አዲሱ ሐሳብ ግን ማንንም ቀይር አላለም። ቫክስ የሚባለውን ኮምፒውተር የሚጠቀም በቫክሱ፣ ማኪንቶሽ የሚጠቀም በማኪንቶሹ ይቀጥል፤ ያለው መረጃ ባለበት ይቀመጥ፤ እኛ መንገዱን እንሥራ አለ።

አለቃቸው ማይክ ሴንዳል ሽፋኑ ላይ ሐሳቡ ግልጽ ባይሆንም የሚያጓጓ መሆኑን በእጃቸው ጻፉበት። ፈቃድ አልሰጡም፤ አልከለከሉምም። በ1990 ግን፣ ስቲቭ ጆብስ ከአፕል ከወጡ በኋላ የመሠረቱት ኩባንያ የሠራውን ኔክስት የተባለ ኮምፒውተር እንዲገዙ ፈቀዱላቸው፤ ሰበቡ አዲሱን ማሽን መሞከር ነው። በርነርስ-ሊም በዓመቱ መጨረሻ፣ ፈረንጆቹ ገና በሚያከብሩበት ሰሞን፣ የመጀመሪያውን ሰርቨርና የመጀመሪያውን ብሮውዘር አንድ ላይ አስነሱ። ቤልጅየማዊው ባልደረባቸው ሮበርት ካዮ ሐሳቡን ይዘው በየአለቃው በር ያንኳኩ ነበር። ማሽኑ ላይ ደግሞ ሰርቨር ስለሆነ ማንም እንዳያጠፋው በቀይ ቀለም የተጻፈ ወረቀት ተለጠፈበት። የዓለም ድር በሙሉ አንድ የጽዳት ሠራተኛ ሶኬት ቢነቅል የሚጠፋበት ጊዜ ነበር ማለት ነው።

ችግሩ፣ ኔክስት ያለው ሰው ጥቂት ነው። ቆንጆው ብሮውዘር በቆንጆው ማሽን ላይ ብቻ ይሠራል። መንገዱን ያቀናችው ለሥራ ልምምድ የመጣች ኒኮላ ፔሎው የተባለች የሂሳብ ተማሪ ናት። እሷ የጻፈችው ብሮውዘር ሥዕል የለውም፣ ማውዝ አይፈልግም፤ ተራ ጽሑፍ ያሳያል፣ ከየማያያዣው አጠገብ ቁጥር አለ፣ ቁጥሩን ሲጽፉ ወደዚያ ይወስዳል። ለዓይን አይማርክም። ነገር ግን በየትኛውም ማሽን ላይ፣ በጣም አሮጌው ላይም ሳይቀር፣ ይሠራ ነበር።

ከዚያ የስልክ ማውጫው መጣ። በማዕከላዊው ኮምፒውተር ላይ ማውጫውን የሚያስተዳድሩት በርንድ ፖለርማን መረጃውን በድር በኩል የሚያቀርብ መግቢያ ሠሩለት። አሁን ሠራተኛው በማንኛውም ማሽን ሆኖ ስም ይጽፋል፣ ቁጥሩ ይመጣል። ለብዙ የሰርን ሰው ድር ማለት ለተወሰነ ጊዜ ትንሽ ግር የሚል የስልክ ማውጫ ፕሮግራም ነበር። አብዮት እየተካሄደ መሆኑን ያወቀ ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ ለስልክ ብሎ የገባ ሰው ሌላ ማያያዣ ያያል፣ ይነካዋል፣ ነገ ተመልሶ ይመጣል።

ቀጣዩ እርምጃም ተመሳሳይ ነው። የስታንፎርዱ የቅንጣት ምርምር ማዕከል ባልደረባ ፖል ኩንዝ በ1991 ሰርንን ጎብኝተው ወደ ካሊፎርኒያ ሲመለሱ፣ የማዕከሉ ቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ሉዊዝ አዲስ (ስማቸው ለእኛ ጆሮ ቤተኛ ነው) የድርን ጥቅም ወዲያው ገባቸው። የፊዚክስ ጽሑፎች ዝርዝር በማዕከላዊ ኮምፒውተራቸው ተቆልፎ ሰው ሁሉ ይቸገር ነበርና። በዲሴምበር 1991 ከአውሮፓ ውጭ የመጀመሪያው የድር ሰርቨር ተከፈተ። እዚህም ያሸነፈው አንድ ሰው በየቀኑ የሚፈልገው ዝርዝር ነው። ከዚያ በኋላ ያለውን ሁሉም ያውቀዋል፤ ሰርን ኤፕሪል 30 ቀን 1993 ቴክኖሎጂውን ያለ ክፍያ ለሕዝብ ለቀቀው፣ የውስጥ መገልገያው የዓለም ሆነ።

አሁን ወደ እኛ ሰፈር ልመለስ። ከዓመታት በፊት የሠራሁበት፣ ስሙን የማልጠራው አንድ መሥሪያ ቤት ፖርታል አሠርቶ ነበር። በምረቃው ቀን ለስላሳና ኬክ ቀረበ። ሲከፈት መጀመሪያ የሚታየው የሥራ መሪው ፎቶግራፍ ነው። ቀጥሎ ራዕይ፣ ቀጥሎ ተልዕኮ፣ ቀጥሎ እሴቶች፤ እሴቶቹ በየደቂቃው እንደ ማስታወቂያ እየተገለበጡ ይመጣሉ። ከዚያ ሥር ኃላፊዎች ሪባን ሲቆርጡ። የሰርቪስ ሰዓት ለማየት ብንፈልግ የለም። የዓመት ፈቃዴ ስንት ቀን ቀረኝ? የለም። ለመስክ የውሎ አበል ተመን ተሻሽሏል አልተሻሻለም? መመሪያው አለ፣ ግን በስካነር የተነሣ ስለሆነ በፍለጋ አይገኝም፤ ማኅተሙ ደግሞ ቁጥሩን ሸፍኖታል። በሁለተኛው ወር የይለፍ ቃላችንን ሁላችንም ረስተነው ነበር።

መረጃው ታዲያ የት ነበር? አንደኛ፣ ቴሌግራም ላይ። ማን እንደከፈተው በውል የማይታወቅ ግሩፕ ውስጥ የሰርቪስ መዘግየት፣ የደመወዝ መግባት፣ የለቅሶ ቤት አድራሻ ሁሉ ይነገራል። ሁለተኛ፣ በጸሐፊዋ ጠረጴዛ መስታወት ሥር። ሰማያዊ ካርቦን የነካው፣ በእስክሪብቶ እየተሰረዘ የተጻፈበት የውስጥ መስመር ዝርዝር። «እትዬ፣ የፋይናንስ ቁጥር ስንት ነው?» ይባላሉ፤ እሳቸው ሳያዩ ይናገራሉ፤ «አሁን ግን ሻይ ላይ ናቸው፣ ከአሥር ደቂቃ በኋላ ደውል» ብለው ይጨምሩበታል። ይህን የመጨረሻውን የሚነግር ሶፍትዌር እስካሁን አላየሁም።

ፖርታሉን የሠሩት ልጆች ሥራቸውን አያውቁም አልልም፤ ጎበዞች ነበሩ። ያዘዛቸው ሰው የጠየቃቸው «ምን እንንገራቸው?» ብሎ ነው እንጂ «ምን ይጠይቁናል?» ብሎ አልነበረም። በእኛ 1990ዎቹ መጨረሻ ሁለተኛ ደረጃ የተማረ ሰው የፕላዝማ ቴሌቪዥን ትምህርቱን ያስታውሳል። በሳተላይት የሚመጣው መምህር በጥራት ያስረዳል፣ ሥዕሉ ያምራል፣ ጥያቄ ይጠይቅና ጥቂት ሰከንድ ሰጥቶ መልሱን ራሱ ይመልሳል። ያልገባው ተማሪ እጁን ቢያወጣ ማን ያየዋል? ብዙ የውስጥ ድረ ገጾች ሥነ ልቦናቸው የፕላዝማ ነው።

እዚህ ላይ አንድ የተረሳ ነገር አለ። በኔክስት ላይ የተሠራው የመጀመሪያው ብሮውዘር ማንበቢያ ብቻ አልነበረም፤ መጻፊያም ነበር። ገጹን የሚያነብ ሰው በዚያው መስኮት ያርመዋል፣ አዲስ ማያያዣ ይጨምርበታል። በኋላ በዓለም የተስፋፉት ብሮውዘሮች መጻፊያውን ጥለው ማንበቢያውን ብቻ ይዘው ቀሩ። ያኔ የጠፋውን መልሶ ለማምጣት ብዙ ዓመት ፈጅቷል፤ መሥሪያ ቤቶች ውስጥ ደግሞ ዛሬም ብዙ ቦታ አልተመለሰም። ስልክ ቁጥሬ ስህተት መሆኑን አይቼ ራሴ የማላርመው፣ ለአይሲቲ ክፍል ደብዳቤ የምጽፍበት ፖርታል ከእስክሪብቶው ዝርዝር ወደ ኋላ የቀረ ነው። እትዬ ቢያንስ ወዲያው ይሰርዙታል።

ሌላው ጥያቄ ፖርታሉ ለማን፣ በየትኛው ቋንቋ ይናገር የሚለው ነው። ከጄኔቭ ወደ ዙሪክ ባቡሩ ሦስት ሰዓት ገደማ ይወስዳል፤ በመንገዱ ላይ የጣቢያ ማስታወቂያው ከፈረንሳይኛ ወደ ጀርመንኛ ይቀየራል። አራት ብሔራዊ ቋንቋ ባላት ሀገር፣ ለሠራተኛው በየትኛው ቋንቋ እንናገር የሚለው ጥያቄ ዘወትር ያለ ነው። የዙሪኩ ኢቲኤች፣ የፌዴራል የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲው፣ ስታፍኔት የሚባለውን የውስጥ ገጹን በጀርመንኛና በእንግሊዝኛ ያቀርባል፤ ፕሮፌሰሮቹና ተመራማሪዎቹ ከዓለም ዙሪያ ይመጣሉና። ለዩኒቨርሲቲ ይህ ይበቃ ይሆናል። በዚያው ከተማ የሆቴል አልጋ የሚያነጥፉት፣ የአረጋውያን ቤት የሚሠሩት፣ ወጥ ቤት ሳህን የሚያጥቡት ግን፣ የእኛ ሀገር ሰዎችን ጨምሮ፣ የሥራ ኮምፒውተር የላቸውም፤ ብዙዎቹ የመሥሪያ ቤት ኢሜይልም የላቸውም። ኢንትራኔት የሚባለው ነገር ለእነሱ የሌላ ሰው ቢሮ ነው።

በ2012 ዙሪክ ውስጥ፣ በኢቲኤች በተማሩ ሰዎች የተመሠረተው ቢኪፐር የተባለ ኩባንያ ገበያውን ያገኘው በዚህ ክፍተት ነው። ስሙ ንብ አርቢ ማለት ነው። ጠረጴዛ የሌለውን ሠራተኛ በኪሱ ባለው ስልክ እናግኘው አሉ፦ የፈረቃ ሰሌዳ፣ የደመወዝ ወረቀት፣ የአለቃ መልእክት፣ የባልደረባ ጥያቄ በአንድ ቦታ፤ መልእክቱንም አንባቢው በሚያውቀው ቋንቋ ተርጉሞ የሚያሳይ አገልግሎት ጨመሩበት። ትርጉሙ ሁሌ ትክክል ነው ብዬ አልከራከርም። ከዚህ የወሰድኩት አንድ ነገር ነው፤ ሰዎቹ የጀመሩት ሠራተኛው በእጁ ከያዘው ዕቃ ነው፣ እንደ ፔሎው ብሮውዘር። ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ልብስ ስፌት ላይ ለምትሠራ ወጣት የፈረቃዋ ለውጥ በእንግሊዝኛ፣ ኮምፒውተር በሚፈልግ ፖርታል ቢለጠፍ፣ የምትሰማው ዶርም ውስጥ ከጓደኛዋ ነው። ምናልባት ከተቀየረ በኋላ።

ስልክ ውስጥ መግባት ግን ሌላ በር ይከፍታል። የወረቀት ማስታወቂያ ሰሌዳ ማን ቆሞ እንዳነበበው አይመዘግብም። ዲጂታል ገጽ ይመዘግባል፦ ማን ከፈተ፣ ስንት ሰዓት፣ ስንት ደቂቃ ቆየ፣ ማን ምንም አላነበበም። ስዊዘርላንድ በዚህ ላይ ሕግ አላት። በኦገስት 1993፣ ሰርን ድርን ከለቀቀ አራት ወር ሳይሞላ የወጣው የሠራተኛ ሕጉ ሦስተኛ ደንብ በአንቀጽ 26 የሠራተኛን ባሕርይ ለመከታተል የሚውል የቁጥጥር መሣሪያ በሥራ ቦታ እንዳይኖር ይከለክላል፤ በሌላ ምክንያት የግድ ካስፈለገ ደግሞ የሠራተኛውን ጤናና የመንቀሳቀስ ነጻነት እንዳይጎዳ ሆኖ መቀመጥ አለበት። ደንቡን ያወጡት ሰዎች እንዲህ ያለ የስልክ መተግበሪያ ይመጣል ብለው አላሰቡም ይሆናል፤ ግን አንቀጹ ዛሬም የሚሠራ ነው። እኛ ዘንድ ያለውን የቴሌግራም ግሩፕ ሰው የሚወደው ቀላል ስለሆነ ብቻ አይመስለኝም። አለቃው የለበትም፤ ወይም ቢኖርም ዝም ብሎ ያነብባል። ሠራተኛው ከፖርታሉ የሚሸሸው አስቀያሚ ስለሆነ ሳይሆን እንደ በር ላይ የፊርማ መዝገብ ስለሚያየው ሊሆን ይችላል። ይህን የሚያጠፋ የቀለም ምርጫ የለም።

ፖርታል ላይ ስለሚጨመረው መዝናኛ፣ ማለትም ስለ ልደት ካርዱ፣ ስለ ነጥብና ኮከቡ፣ «የወሩ ምርጥ አንባቢ» ስለሚባለው፣ ብዙ አልልም። ሠራተኛ ተረጋግቶ የሚደሰተው ፈቃዱ በሁለት ንክኪ ሲፈቀድለት ነው። የልደት ኬኩን እቀበላለሁ።

ከዚህ ይልቅ የሚያሳስበኝ እርጅና ነው። ፖርታል ሲመረቅ በጀት አለው፤ በሦስተኛው ዓመት ገጹን የሚያድስ ሰው የለውም። የተዛወረ ኃላፊ ፎቶግራፍ፣ የተሻረ መመሪያ፣ የማይሠራ ቁጥር ይቀራል። አንድ ጊዜ የተሳሳተ ቁጥር የደወለ ሰው ሁለተኛ አይፈልግበትም፤ እትዬ ጋ ይሄዳል። ሰርን ራሱ ከዚህ አላመለጠም። መረጃ እንዳይጠፋ ተብሎ የተሠራው ድር የመጀመሪያ ገጹ በ1990 እንደነበረ አልተቀመጠም፤ ይታደስ ስለነበር እያንዳንዱ አዲስ ጽሑፍ የቀድሞውን ይሸፍነው ነበር። በ2013 ተቋሙ የመጀመሪያውን ድረ ገጽ መልሶ ሲያቆም የተጠቀመው በ1992 ላይ የተቀዳ ቅጂ ነው።

ያ ገጽ አሁንም ይከፈታል። ኢንፎ ዶት ሰርን ዶት ሲኤች ብለው ይግቡና ወደ መጀመሪያው ድረ ገጽ የሚወስደውን ማያያዣ ይንኩ፤ በአዲስ አበባ ደካማ ኔትወርክም ቢሆን ወዲያው ይመጣል፣ ምክንያቱም ሥዕል የለበትም። ነጭ ወረቀት ላይ ጥቂት መስመር ጽሑፍና የማያያዣዎች ዝርዝር አለ። የዳይሬክተር ፎቶግራፍ የለም፣ ራዕይና ተልዕኮም የለም። ከዝርዝሩ አንዱ በሥራው ላይ ያሉትን ሰዎች ያሳያል። ወደ መጨረሻው አካባቢ ደግሞ አንባቢው በምን ሊያግዝ እንደሚችል የሚነግረው ማያያዣ አለ።

በቀድሞ መሥሪያ ቤቴ ባለፈው ሰሞን ለአንድ ጉዳይ ሄጄ ነበር። ፖርታሉ አዲስ ሆኗል፣ ሦስተኛው ነው። እትዬ ጡረታ ወጥተዋል። የጠረጴዛው መስታወት ግን አለ፤ ሥሩ ያለው ዝርዝርም አለ፣ በአዲሷ ጸሐፊ እጅ ተገልብጦ።